ታላቁ እስክንድርን በአንድ ቡና ሰዓት እንዴት እንተርከው (ለወሎ ልጆች)

ክረምት ላይ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ብትሄዱ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ የሰፈሩን ተማሪዎች ሰብስቦ ማስጠናቱ የተለመደ ነው፣ እና ታሪክ ላይ ሲደረስ ስለ ታላቁ እስክንድር ሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ስሙን ያውቁታል፣ ዩቲዩብ ላይ ቁርጥራጭ ቪዲዮ አይተዋል፣ ግን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ስትጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ይሄን ምጽፈው ቤታቸው ቡና ተፈልቶ፣ ልጆችም ትልልቅ ሰዎችም ባሉበት ታሪኩን መተረክ ለሚፈልጉ ነው። ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ እስክንድር ሁለት ነው፤ አንዱ በታሪክ የኖረው ሰውዬ፣ ሌላው ከሞተ በኋላ ህዝቦች በየቋንቋቸው የሰሩት። ወሎ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በላይ ቤተኛ ነው፣ ስለዚ ሁለቱን አትቀላቅሏቸው፣ አንዱንም አታዋርዱ።

መጀመሪያ ካርታ። ፕሮጀክተር ምናምን አያስፈልግም፣ ትልቅ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሳሉና በዛሬ አገር ስም ንገሯቸው፦ ሰሜን ግሪክ፣ ቱርክ፣ ሶሪያ፣ ሊባኖስ፣ ግብፅ፣ ኢራቅ፣ ኢራን፣ አፍጋኒስታን፣ ኡዝቤኪስታን፣ ፓኪስታን። ይሄን ሁሉ የሄደው ከ334 እስከ 323 ቅ.ል.ክ ባለው ጊዜ ነው። ቅ.ል.ክ ላይ ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቆጠር ቀድማችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ በ356 ተወልዶ በ323 ሞተ ስትሉ ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እሱንም ጥቀሱ።

ከዛ በእስክንድር አትጀምሩ፣ ባባቱ በፊልጶስ ጀምሩ። ብዙ ሰው ሚስተው እዚ ጋ ነው። አገራቸው መቄዶንያ (ሰሜን ግሪክ)፣ ፊልጶስ በ359 ስልጣን ሲይዝ፣ በጎረቤቶቿ ምትረገጥ፣ ደቡብ ያሉት ግሪኮች ሚንቋት አገር ነበረች፣ እሱ ነው ገበሬውን ወታደር አድርጎ ከ5 ሜትር ሚበልጥ ሳሪሳ ሚባል ጦር ያስያዘው፣ ፈረሰኛና እግረኛ ተቀናጅቶ እንዲዋጋ ያደረገው፣ በ338 ኬሮንያ ላይ አቴንንና ቴብስን ያሸነፈው። እስክንድር እዛ ጦርነት ላይ 18 ዓመቱ ነበር። ልጁን እንዲያስተምርለት አሪስቶትልን ያስመጣውም ፊልጶስ ነው። በ336 በሴት ልጁ ሰርግ ላይ በገዛ ጠባቂው ተወግቶ ሲሞት እስክንድር በ20 ዓመቱ የተዘጋጀ ጦርና ፋርስ ላይ የታቀደ ዘመቻ ወረሰ። አቦሉ እስኪጠጣ ይሄን ብቻ ብታወሩ ይበቃል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ድል ሁሉ ካየር የመጣ እንዳይመስላቸው ያደርጋል።

ጦርነቶቹን ሁሉ አትደርድሩ፣ ያሰለቻል። ግራኒከስ 334፣ ኢሱስ 333፣ ጋውጋሜላ 331 ብላችሁ ካርታው ላይ ነጥብ አድርጉና እለፉ። ጋውጋሜላ ላይ ትንሽ ብትቆዩ ጥሩ ነው፣ ዛሬ ሰሜን ኢራቅ ነው፣ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ማጭድ የተገጠመላቸው ሰረገላዎች እንዲሮጡለት ሜዳውን አስደልድሎ ነበር የጠበቀው። አሪያን ሚባለው ጸሐፊ እስክንድር 40,000 እግረኛና 7,000 ፈረሰኛ እንደነበረው ጽፏል፣ የፋርሱን ጦር ግን የጥንት ጸሐፊዎች እስከ ሚሊዮን ያደርሱታል፣ ዛሬ ማንም የታሪክ ሰው እሱን አይቀበልም። እዚ ላይ ልጆቹን አንድ ነገር አስተምሯቸው፣ አብረውት የዘመቱት ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ በሙሉ ጠፍቷል፣ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ከሞተ ከመቶዎች ዓመት በኋላ ከነዛ ላይ የተቀዳ ነው፣ ስለዚ ቁጥር ሲሰሙ ማነው የጻፈው፣ መቼ ብለው መጠየቅ ይልመዱ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ዘና ብላችሁ ተርኩ። አንዱ ጢሮስ ነው፣ ዛሬ ሊባኖስ ያለች። ከተማዋ ደሴት ላይ ነበረች፣ እስክንድር መርከብ ስላነሰው በ332 ከባህሩ ዳር እስከ ደሴቷ በድንጋይና በግንድ መንገድ እየደለደለ ገባ፣ ሰባት ወር ፈጀበት፣ መጨረሻ ላይ የቆጵሮስና የሲዶና መርከቦች ወደሱ ሲዞሩ ነው የወደቀችው። ያ ድልድል አሸዋ እየሰበሰበ ስለሄደ ዛሬ ጢሮስ ደሴት አይደለችም፣ ስልካችሁ ላይ ሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ አሳዩአቸው፣ በአንድ ሰው ትእዛዝ የባህር ዳርቻ ቅርፅ እንደተቀየረ በዓይናቸው ያያሉ። ግን እዛው ላይ አታቁሙ። አሪያን እንደጻፈው 8,000 ያህል ሰው ተገደለ፣ 30,000 ያህል በባርነት ተሸጠ። ይሄን ሚዘሉ ተራኪዎች በጣም ያናድዱኛል፣ ከተሸጡት ውስጥ እናቶችና ህፃናት አሉ፣ ድሉን ተናግሮ እነሱን መደበቅ ልጆቹን መዋሸት ነው።

ሌላው የክሊተስ ነገር ነው። ክሊተስ የእስክንድር ሞግዚት ወንድም ነው፣ ግራኒከስ ላይ ከኋላ ሰይፍ ሊያወርድበት የነበረውን ፋርስ ክንዱን ቆርጦ ህይወቱን ያተረፈለት ሰው። በ328 ሳማርካንድ ላይ ግብዣ ተደርጎ ሁሉም ሰክሯል፣ አሞጋሾች እስክንድርን ከአባቱ በላይ ሲያደርጉት ክሊተስ አልቻለም፣ ይሄ ክብር የፊልጶስና የመቄዶንያ ወታደሮች ነው ብሎ ፊት ለፊት ተናገረው፣ እስክንድር ከጠባቂ ጦር ነጥቆ ወጋውና ገደለው። ከዛ ሶስት ቀን እህል ሳይቀምስ እያለቀሰ ተኛ። ይሄን ስትተርኩ ፍርድ አትስጡ፣ ዝም ብላችሁ ተርኩትና ለቤቱ ልቀቁት፣ ወሎ ላይ ሽምግልና ያየ ትልቅ ሰው አይጠፋም፣ ስለ ደምና ስለ ውለታ እነሱ ሚሉት ነገር ከናንተ ማብራሪያ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። እርግጠኛ ሁኑ፣ ከመሃል አንድ ሰው «ይሄ ዙልቀርነይን አይደል እንዴ?» ይላል። ዙልቀርነይን ማለት ባለ ሁለት ቀንዱ ማለት ነው፣ ጁምዓ ጁምዓ ሚቀራው የቁርኣን ምዕራፍ ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ከአንቀጽ 83 ጀምሮ ያለው ነው፣ ፀሐይ መግቢያና መውጫ የደረሰው፣ በሁለት ተራራ መሃል በብረትና በቀለጠ መዳብ የእጁጅና መእጁጅን (ጎግና ማጎግን) የዘጋው። ቁርኣኑ እስክንድር ብሎ ስም አልጠራም። ከተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት እሱ ነው ያሉ አሉ፣ አይደለም፣ መቄዶንያዊው ጣኦት አምላኪ ነበር፣ ዙልቀርነይን ግን አማኝ ነው ብለው የለዩም አሉ፣ በቅርብ ዘመን የፋርሱ ቂሮስ ነው ያሉም ተነስተዋል። እናንተ ዳኛ ሆናችሁ አትግቡ፣ ልዩነቱ እንዳለ ንገሩና ቤቱ ውስጥ ሼኽ ወይ ደረሳ ካለ ቃሉን ለሱ ስጡት። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 አለ፣ ባለ ሁለት ቀንዱ አውራ በግ የሜዶንና የፋርስ ነገሥታት፣ ከምዕራብ መሬት ሳይነካ የመጣው አውራ ፍየል የግሪክ ንጉሥ፣ ትልቁ ቀንድ ሲሰበር አራት ይወጣሉ። ቀንዱ እዚም እዚያም አለ ማለት ነው። ይሄኔ የሊሲማከስን የብር ሳንቲም ፎቶ ከስልካችሁ አሳዩ፣ ከእስክንድር አንዱ ጄኔራል ያሳተመው ነው፣ የእስክንድር ጭንቅላት ላይ አሞን የሚባለው የግብፅ አምላክ የበግ ቀንድ ተጠምዝዞ ይታያል፣ ምክንያቱም በ331 ግብፅ ሳለ ሲዋ በረሃ ወዳለው የአሞን ቤተ መቅደስ ሄዶ የአምላኩ ልጅ ተብሎ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ ሆኖ ሚቀመጥበት አገር ላይ ይሄ ወሬ ሲነሳ ደስ ይላል፣ ሁሉም ካለው ያዋጣል።

ግዕዙንም አትርሱ። ዜና እስክንድር ሚባል ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ አለን፣ እዛ ላይ እስክንድር ሚፆም ሚጸልይ አማኝ ሆኖ ነው ሚገኘው። ውሸት ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ የኛ ሊቃውንት ጥሩ ንጉሥ ምን መምሰል አለበት ብለው እንዳሰቡ ሚያሳይ መስታወት ነው። እግረ መንገዱን «ኢትዮጵያ መጥቷል ወይ?» የሚል ይመጣል። ከንግሥት ህንደኬ ጋር ተገናኘ የሚለው የትውፊቱ ክፍል ነው፣ በታሪክ ግን ከግብፅ ወደ ደቡብ አልወረደም፣ ወደ ፋርስ ነው የተመለሰው።

እሱ ባይመጣም የሱ ነገር ግን መጥቷል፣ እና በረካው ላይ ይሄን አቅርቡ። በ326 ዛሬ ፓኪስታን ያለ ወንዝ ላይ ከንጉሥ ፖረስ ዝሆኖች ጋር ተዋጋ፣ ትንሽ እንደሄደ ወታደሮቹ በቃን ብለው መለሱት፣ በ323 ሰኔ ላይ ባቢሎን ውስጥ ትኩሳት ይዞት በ32 ዓመቱ ሞተ (ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ተመርዞ ነው እየተባለ እስካሁን ይከራከራሉ)። ጄኔራሎቹ ግዛቱን ተቀራመቱት። እስያ በድርሻው የደረሰችው ሰሉከስ ከህንዱ ንጉሥ 500 ዝሆን እንደተቀበለ ተጽፏል፣ ግብፅን የያዙት በጥሊሞሶች ግን የህንድ መንገድ ስለተዘጋባቸው ዝሆን ፍለጋ ወደኛ ቀይ ባህር ዳርቻ ወረዱ። የጥንቱ ወደብ አዱሊስ ላይ የሶስተኛው በጥሊሞስ የግሪክኛ ጽሑፍ ነበረ፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ ሚባል ነጋዴ ገልብጦታል፣ ጽሑፉ በጥሊሞስና አባቱ ከዚ አገር ዝሆን አድነው ለጦርነት እንዳሰለጠኑ ይናገራል። የአክሱም ሳንቲም ላይ ግሪክኛ ያለው፣ ኢዛናም ድሉን በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ያስቀረፀው ለዚ ነው፣ ከእስክንድር በኋላ ከግብፅ እስከ ህንድ በር ያለው ንግድ ሚግባባበት ቋንቋ ግሪክኛ ሆኖ ስለቀረ።

ልጆቹ መቃብሩስ ይላሉ። አስከሬኑን በጥሊሞስ ወደ ግብፅ አስወስዶት እስክንድርያ ነበር የተቀመጠው፣ የሮም ቄሳሮችም ሄደው አይተውታል፣ ቦታው ከዛ በኋላ ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰዓት ካጠራችሁ ጋውጋሜላን ቁረጡት፣ ክሊተስንና አዱሊስን ግን እንዳትነኩ።