የውሻ ሆድ ሲነፋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጠግቦ ነው፣ እስከ ነገ ይሻለዋል» ማለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጀርመን ሼፐርድን የመሰሉ ትላልቅና ደረታቸው ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ተወጥሮ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያኔ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ የጨጓራው ግድግዳም መሞት ይጀምራል። ውሻው ሊያስታውክ ይታገላል፤ ከለሀጭና ከአረፋ በቀር ግን የሚወጣ የለም። ይቁነጠነጣል፣ ሆዱ ሲነካ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። አንዳንዴ ጨጓራው ከጎድን አጥንት ሥር ስለሚደበቅ እብጠቱ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ ከሆዱ መጠን ይልቅ ባዶውን ትግል ይመኑ። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይደውሉ።

እንደ በሬ ማከም። የተነፋ ከብት ዘይት መጋት፣ ሲብስበትም ጎኑን መብሳት ገበሬው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ለከብት ይሠራልም። ለውሻ ግን አይሆንም። ሊያስታውክ እየታገለ በግድ የተጋተው ዘይት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቤት ውስጥ መውጋት ደግሞ ጣፊያ ወይም አንጀት መብሳት ሊሆን ይችላል።

የሰው ማስታገሻ መስጠት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

ሆዱ የተነፋ ቡችላ ሲያዩ «ወፈረ» ብሎ መደሰት። ጎድኑ እየተቆጠረ ሆዱ ብቻ ከተነፋ አብዛኛውን ጊዜ ወስፋት ነው። ትሉ ቡችላው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ፣ በኋላም በወተቷ ይተላለፍበታል። ለዚህ ነው የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ በክብደቱ ተለክቶ፣ ለእናቲቱም ጭምር የሚሰጠው። ዓይነ ምድሩን ቶሎ ያንሱ፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሕፃናትንም ይይዛል።

ለአዋቂ ውሻም ያንኑ የትል መድኃኒት መደጋገም። በሳምንታት ቀስ እያለ የሚያድግ ሆድ ፈሳሽ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ መነሻውም የልብ ድካም፣ የጉበት በሽታ ወይም የደም ፕሮቲን ማነስ ነው። ሐኪም በአልትራሳውንድ ያያል ወይም ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ይመረምራል። ለእከክ ተብሎ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ ስቴሮይድም ሆድ ያንዘረጥጣል፤ ቢሆንም በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡት። በዕድሜ የገፋ ውሻ ሆዱ አብጦ ድዱ ከነጣና ድንገት ከደከመ ግን የጣፊያ ዕጢ ፈንድቶ ደም እየፈሰሰው ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም።

«አርግዛለች» ብሎ መጠበቅ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ችግሩ ያልመከነች ሴት ውሻ ከስሪያ ወቅቷ ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር መቻሉ ነው፤ ልክ እርግዝና በሚጠበቅበት ጊዜ። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትተዋለች። የማህፀኑ አፍ ከተዘጋ መግሉ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ፈሳሽ ስላልታየ ደህና ናት ማለት አይደለም፣ እንዲያውም የከፋው ዓይነት እሱ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ማህፀኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።