የባንክ አክሲዮን ልትገዙ ነው? ሪፖርቱን ከትርፉ አትጀምሩ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ «የቱ ባንክ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አምና ስንት ፐርሰንት ከፈለ?» ነው። ይሄ አይበቃም። የዓመታት ቁጠባ በወሬ አይወጣም።

ባንኮቻችን ሂሳባቸውን የሚያቀርቡት አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847 የተደነገገ ግዴታ ነው፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ለእኛ ጥቅሙ ምንድነው? ባንኩ ባይጽፈው ደስ የሚለውንም ነገር ጭምር ከሂሳቡ ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ውስጥ እንዲጽፍ ይገደዳል። ስለዚህ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ኦዲት የተደረገውን ዓመታዊ ሪፖርት ከባንኩ ድረ ገጽ አውርዱ። በሐምሌ በዜና የሚነገረው ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ ገና ኦዲተር ያላየው፣ ግብርም ያልተነሳለት ነው። 30 በመቶ ግብር አለ፤ ከተጣራው ላይ ደግሞ መጠባበቂያው ከተከፈለው ካፒታል እስኪተካከል 25 በመቶ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ይቀመጣል። ኪሳችሁ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኦዲተሩ ሪፖርት ሂዱ። አስተያየቱ «ነቀፌታ የሌለው» ከሆነ ጥሩ፣ ቀጥሉ። «ከ... በስተቀር» የሚል ከገባበት ቆም በሉና ምን እንደተነቀፈ አንብቡ። «አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም» ካለ ግን ብራችሁን ይዛችሁ ጠብቁ። ነቀፌታ የሌለው አስተያየትም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የጀርመኑ የክፍያ ኩባንያ ዋየርካርድ ለዓመታት ንጹህ አስተያየት ሲሰጠው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 በፊሊፒንስ ባንኮች አለኝ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ጨርሶ እንደሌለ ታወቀና ፈረሰ። ለዚህ ነው ማብራሪያዎቹን ራሳችሁ ማንበብ ያለባችሁ።

ከማብራሪያዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የብድሩ ነው። ከአይኤፍአርኤስ ውስጥ ስለ ብድር የሚደነግገው ክፍል፣ አይኤፍአርኤስ 9፣ ብድሮችን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። ደረጃ 1 በደህና የሚከፈለው ነው፤ ባንኩ ከትርፉ ቀንሶ በመጠባበቂያ የሚይዘው የሚቀጥሉትን 12 ወራት የሚጠበቅ ኪሳራ ብቻ ነው። ደረጃ 2 ስጋቱ በጣም የጨመረ ነው፤ ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ሲዘገይ በመርህ ደረጃ ወደዚህ ይገባል፣ የሚያዘውም ኪሳራ እስከ ብድሩ ማብቂያ ድረስ ያለው ነው። ደረጃ 3 የተበላሸው ነው፣ ባብዛኛው ከ90 ቀን በላይ ያልተከፈለ። የሁለት ዓመቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰው ሁሉ የሚያየው ደረጃ 3ን ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ የማየው ደረጃ 2ን ነው፣ ምክንያቱም የነገው የተበላሸ ብድር ዛሬ እዚያ ተቀምጧል። ደረጃ 2 በጣም አድጎ ለብድር ኪሳራ የተያዘው መጠባበቂያ ካልጨመረ፣ የዘንድሮው ትርፍ ከሚመጣው ዓመት የተበደረ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዕዳው ይልቅ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የያዘ ባንክ ከምንዛሪ ለውጡ ብቻ ትልቅ ትርፍ ይመዘግባል፤ በተቃራኒው ዕዳው የበዛ ይከስራል። ይህ ገቢ በየዓመቱ የሚደጋገም አይደለም፤ ቀንሱትና ከወለድና ከአገልግሎት ክፍያ የተገኘው ብቻ ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱ።

የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ለፋብሪካ ወርቅ ነው፣ ለባንክ ግን ተቀማጭ ሲገባና ሲወጣ ስለሚዋዥቅ ብዙ አትጨነቁበት።

«ተዛማጅ ወገኖች» የሚለውን ማብራሪያ ግን እንዳታልፉት። ለቦርድ አባላት፣ ለሥራ አመራሩና ለድርጅቶቻቸው ስንት ብድር እንደተሰጠ እዚያ ይወጣል። ከአምናው በብዛት ካደገ ለማንና በምን ዋስትና እንደተሰጠ ጠይቁ። አክሲዮን ካላችሁ ጥያቄውን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የማብራሪያውን ቁጥር ጠቅሳችሁ አንሱ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አስመዝግቡ፤ ገጽ ተጠቅሶ የተጠየቀ ጥያቄ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ተብሎ በቀላሉ አይታለፍም።