ፈረሱ ራሱን ሲያጋድል፦ ከአለንጋው በፊት ልጓሙን እዩ

ቆሞ ሲውል ምንም የለበትም። ተጭኖ ሲጋለብ ግን ራሱን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ አፉን ይከፍታል፣ በአንድ በኩል አልዞርም ይላል፤ ዛቡ ሲጠብቅበት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የጀርባ ቁስሉንና ኮቴው ውስጥ የገባ ጠጠርን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ልጓሙን አውልቁና ራሱ ላይ በታሰረ ገመድ ብቻ፣ ግራም ቀኝም ክብ እያዞራችሁ አስኪዱት። ከቀና ጥፋቱ አፉ ውስጥ ነው። ካልቀና ኮርቻውንም አውርዳችሁ ድገሙት።

እዚህ ባሕር ዳር እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጓም የጎዳቸው ናቸው። ፈረስ በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መካከል ጥርስ የሌለበት ቦታ አለው፤ ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ስስ ድድ፣ ከድዱ ሥር አጥንት፣ በቃ። በያጁ ደግሞ ከሕንጻ የተረፈ ፌሮ ቆርጦ፣ ቀለበቱን በይዶ፣ ጉብታውን ሳይሞርድ ይሸጥላችኋል። ገዢውም አንዴ በጣቱ አይዳስሰውም!

በጥምቀት ማግስት አንድ ጎረምሳ ከአባይ ማዶ ዳማ ፈረሱን እየጎተተ መጣ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሊጋልብበት ቸኩሏል። ዓይን በልቶት ነው ብለውት ጸበል አስረጭቷል፤ ጸበሉ አልጎዳውም፣ አለንጋው ግን ጎድቶታል። ልጓሙን ብዳስሰው የእኔኑ ጣት ቆረጠኝ። የፈረሱ ከንፈር ጥግ ተሰንጥቋል፣ ግራ ድዱ አብጧል። ይባስ ብሎ የግራው ጉንጭ ጠፍር ተበጥሶ ሲቀጠል አጥሮ ኖሮ ብረቱን ሽቅብ ይስበዋል። እንስሳው ራሱን የሚያጋድለው ከቁስሉ ሊሸሽ ነበር። 2 ሳምንት ልጓም እንዳይነካው አልኩት። ጥር 23 አመለጠው፤ ተቀይሞኝ ሄደ።

ጉብታውን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። ከዚያ ጥጥ እሹበት፤ ክር ከያዘ ገና ነው። ከመነዳሪ አትጠቅልሉበት፤ ጉብታውን ይደብቃል እንጂ አያጠፋውም፣ ቆሻሻም ይይዛል። የሁለቱን ጎን ጠፍር አስተያዩ። ብረቱ ከአፉ ጠቦ ከንፈሩን ከቆነጠጠ አታስተካክሉት፣ ጣሉት። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ እጠቡ።

ልጓሙ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፈረሱ ያኘከውን ሣር ጠቅልሎ ከጣለ መንጋጋውን ጠርጥሩ። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋልና የላይኞቹ ጥርሶች በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ይሾላሉ። ይህን የሚሞርደው የእንስሳት ሐኪም ነው። በአናጢ ሞረድ የሞከረ አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ከጣና ዳር ረግረግ የሚጠጣ ከሆነና አፉ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ምላሱ ሥር አልቅት ፈልጉ።

ልጓም ሳይኖርበትም ቆሞ ካጋደለ፣ ጆሮው ወይም ከንፈሩ በአንድ ጎን ከወደቀ ነገሩ የልጓም አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩም የተለወጠ ፈረስ ከሆነ ግን አፉ ውስጥ እጃችሁን በፍጹም አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።