የዙሩ ርዝመት ስንት ነው? ቁጥሮቹ ሲጣሉ ጥፋተኛውን መፈለግ

እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነስቶ፣ የአወይቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዞሮ እዚያው የሚገጥም አንድ ዙር አለን። ሞተር የሚወዱ የሰፈር ልጆች ርዝመቱን ሊያውቁ ፈልገው አምስት መልስ ይዘው መጡ፦ የአንዱ ሞተር ቆጣሪ 3.6 ኪሎ ሜትር አለ፣ የሌላው 3.3፣ ስልክ በመጀመሪያው ዙር 3.31 በሁለተኛው 3.46፣ የኮምፒውተር ካርታ ደግሞ 3.35። «ጋሼ፣ ደምረን ለአምስት ብናካፍለውስ?» አሉኝ። አይሆንም። የተሳሳቱ ቁጥሮች ሲደመሩ ስህተቱም አብሮ ይደመራል እንጂ አይጠፋም። እያንዳንዱ ለምን እንደሳተ ማወቅ ይሻላል።

የምንለካው ለአማካይ ፍጥነት ሲባል ነው። ዙሩን በ3 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ የጨረሰ ሰው፣ ርዝመቱ 3.4 ከሆነ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነድቷል፤ 3.6 ከተባለ ግን 63.5። ጋዝ ሳይጨምር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ተመረቀለት ማለት ነው። (መንገድ ሳይዘጋና ፈቃድ ሳይኖር ስለመሽቀዳደም አይደለም የማወራው። ባጃጅና አህያ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ እንኳን መሽቀዳደም፣ መለካቱም ገና ሳይነጋ ቢሆን ይመረጣል።)

ምልክት፦ የሁለት ሞተሮች ቆጣሪ አይስማማም

መጀመሪያ ጎማውን እዩት። ቆጣሪው ሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው ዙር ብቻ ነው። ፋብሪካው ለገጠመው ጎማ ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ ጎማው ሲያልቅ፣ ንፋሱ ሲጎድል ወይም ጎሚስታው ሌላ ቁጥር ሲገጥም ይዋሻል። ከመሐል እስከ መሬት 300 ሚሊ ሜትር የነበረ ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ቢያልቅ ስህተቱ 1.3 ከመቶ ይሆናል፤ በእኛ ዙር ላይ 45 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የቆጣሪው መጨረሻ አሃዝ የሚዘለው በመቶ ሜትር ነው።

3.6 ያለው ሞተር ግን በጎማ ብቻ የሚብራራ አልነበረም። ልጁን «ካቴናውን የሚነዳውን የፊት ጥርስ ቀይረሃል?» አልኩት። ለካ ዳገት እንዲቀለው 14 ጥርስ የነበረውን በ13 አስቀይሯል! የአንዳንድ ሞተሮች ቆጣሪ ከፊት ቸርኬ ላይ ነው የሚነዳው፤ እነሱን ጥርስ መቀየር አይነካቸውም። ከማርሽ ሳጥኑ የሚነዳ ቆጣሪ ግን ለዚያው መንገድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። 3.4ን በ14 አባዝታችሁ ለ13 አካፍሉት፤ 3.66 ይመጣል። መፍትሄው፦ ቆጣሪውን ለነዳጅ ሒሳብና ለዘይት መቀየሪያ ተዉት።

ምልክት፦ ስልኩ በየዙሩ ሌላ ቁጥር ይሰጣል

ስልኩ ያለበትን ቦታ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ አንድ ነጥብ አድርጎ ይይዝና ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ያገናኛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በሁለት ነጥብ መካከል ወደ 17 ሜትር አለ፤ ጠባብ ኩርባ ላይ መስመሩ ኩርባውን ቆርጦ ያልፋል፣ ርቀቱም ያጥራል። ስትቆሙ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ እናንተ ቆማችኋል፣ ነጥቡ ግን ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትር እየዋለለ ርቀት ይጨምራል። የጅማ ትላልቅ ዛፎች ሲጨመሩበት ባሰ። የልጆቹ 3.46 አንድ መገናኛ ላይ ቆመው ሲያወሩ የመጣ ነው። ስልክ «3 ነው ወይስ 4?» ለሚል ጥያቄ ይበቃል፤ ለሜትር አይበቃም።

ምልክት፦ ካርታው ያሳጥራል

ሁለት ምክንያት አለው። ካርታው የሚለካው ጠፍጣፋውን ነው፤ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ የካርታው 1,000 ሜትር በጎማ 1,005 ነው። ወደ ጅሬን ስትወጡ ይህ ይታያል፣ መሐል ከተማ ግን ከቁጥር አይገባም። እዚህ የበደለው ሌላው ነው፦ ኩርባ ላይ ነጥብ መቆጠብ። አሥር ነጥብ በሚያስፈልገው ቦታ ሁለት ብቻ ተጭነው ነበር።

ምልክት፦ በደንብ ለክተንም ወደ ግራ ስንዞርና ወደ ቀኝ ስንዞር ይለያያል

ዋናው ይሄ ነው። ይህ ስህተት ላይሆን እንደሚችል የገባኝም ቆይቶ ነው።

የለካነው በብስክሌት ነው። ሳንነዳ፣ እየገፋን። የፊት ጎማው ላይ በቾክ አንድ መስመር አሰመርን፤ መስመሩ መሬት በነካ ቁጥር አንዱ ልጅ ገበያ የሚሸጠውን የጣት ዲጂታል ሙስበሃ (የጸሎት መቁጠሪያ) አንዴ ይጫናል። (ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ መቁጠሪያ አላየሁም።) ቀድመን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ50 ሜትር የብረት ሜትር ስድስት ጊዜ ዘርግተን 300 ሜትር አወጣንና ብስክሌቱን እዚያ ላይ ገፋነው። ጠዋት 145 ዙር ከሩብ መጣ። ሥራው አልቆ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ስንደግመው 145 ልክ ሆነ፦ ንፋሱ ሲሞቅ ጎማው ይወጠራል። አማካዩን ስንወስድ አንዱ ዙር 2.0672 ሜትር ነው። በፊትም በኋላም ካልሞከራችሁት ይህ ልዩነት ሳይታይ ውጤታችሁ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ቀኝ ዳር ይዘን፣ ከአስፋልቱ ጫፍ ግማሽ ሜትር ገብተን፣ በሰዓት አቅጣጫ ዞርን፦ 1,636 ዙር ተኩል፣ ማለትም 3,383 ሜትር። አሁንም ቀኝ ዳር ይዘን በተቃራኒው ዞርን፦ 1,654 ዙር ከሦስት ሩብ፣ ማለትም 3,421 ሜትር። 38 ሜትር ልዩነት! ልጆቹ ቆጣሪውን የያዘውን አፈጠጡበት። እሱ ግን አልሳተም።

አስፋልቱ 7 ሜትር ስፋት አለው፤ እኛ ከመሐሉ 3 ሜትር ርቀን ነበር። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ቀኝ ዳር የውስጠኛው ነው፣ በተቃራኒው ሲዞር የውጭኛው። ራሱን ሳያቋርጥ አንዴ ዞሮ በሚገጥም መንገድ ላይ ከመሐሉ 3 ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ርዝመቱን በ2 ጊዜ 3.14 ጊዜ 3፣ ማለትም በ19 ሜትር ገደማ ያሳጥረዋል፤ ወደ ውጭ መውጣት ያንኑ ያህል ይጨምራል። የሚገርመው፣ ዙሩ 3 ኪሎ ሜትር ይሁን 60፣ ኩርባው ይብዛ ይነስ፣ ያው 19 ሜትር ነው። ሁለቴ 19፣ 38።

መፍትሄው እንግዲህ ቀላል ነው፦ በሁለቱም አቅጣጫ ቀኝ ዳር ይዛችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። አማካዩ የመንገዱ መሐል መስመር ነው፣ መሐል መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር ሳትጋፉ። የእኛ 3,402 ሜትር ሆነ። ቅድም አማካይ አይወሰድም ብዬ አሁን ወሰድኩ፤ እዚህ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የለኩት መስመር ነው የተለያየው።

መሐል መስመር ለምን? የሞተርና የመኪና ውድድር መንገድ ርዝመቱ የሚቆጠረው በመሐል መስመር ስለሆነ ነው፤ ነጂው ኩርባውን ቆርጦ ያነሰ መንገድ ቢሄድም ሒሳቡ አይቀየርም። የጎዳና ሩጫ ሌላ ነው፦ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለው አጭሩ መንገድ፣ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይለካል፣ እንዳያጥርም በሺህ አንድ ይጨመርበታል። የሩጫ ለኪ እና የሞተር ለኪ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቁጥር ቢያወጡ ሁለቱም አልዋሹም።

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው «ማን» በተባለች ደሴት (Isle of Man) የሚደረገው «ቲቲ» የተባለው የሞተር ውድድር መንገድ በአፍ 37 ማይል ከሦስት አራተኛ ይባላል፤ ሒሳብ የሚሠራበት ግን 37.73 ማይል ነው፣ 60.72 ኪሎ ሜትር። በፈረንጆች 2023 ሞተረኛው ፒተር ሂክማን በ16 ደቂቃ ከ36.115 ሴኮንድ ዞሮት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 136.358 ማይል ተብሎ ተመዘገበ። ሰዓቱንና ፍጥነቱን አባዙት፣ 37.73 ራሱ ይወጣል። በ37.75 ቢሰላ ኖሮ 136.43 ይሆን ነበር፦ 32 ሜትር ያመጣው ትርፍ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ይስማማል፣ ግን ሁሉም በእኩል ያጥራል ወይም ይረዝማል

ሜትሩን ጠርጥሩ። አንዳንዱ የብረት ሜትር ዜሮው ከቀለበቱ ጫፍ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ግን ዜሮው ገባ ብሎ ብረቱ ላይ ተጽፏል። እኔ አንድ ጊዜ ቀለበቱን ዜሮ ብዬ ይዤ በየዝርግቱ 10 ሳንቲ ሜትር አጎደልኩ፤ በስድስት ዝርግት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ዙሩ ሲሻገር 7 ሜትር ሆነ። ሙሉ ቀን ያለቀው ዙሩን በመድገም ነው፤ 300 ሜትሯን ብደግም በአሥር ደቂቃ እገላገል ነበር። በየ50 ሜትሩ ምስማር አስቀምጡ፤ ቾክ ከሆነ የጅማ ዝናብ ሳትጨርሱ ያጥበዋል።

መነሻውንም ከአንድ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ለክታችሁ ጻፉት፣ ለምሳሌ «ከድልድዩ ግንብ ጫፍ ይህን ያህል ሜትር» ብላችሁ። አስፋልት ላይ ብቻ የተቀባ መስመር መንገዱ በተጠገነ ቀን አብሮ ይሄዳል።