የቡሬን በርበሬ ጠይቆ የሞጣን ማር የሚያመጣ ቴስት

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ድረ ገጻችንን በራሳቸው እየከፈቱ የሚፈትሹት ፕሮግራሞች፣ ቴስቶቹ፣ ቀይ ለብሰው ጠበቁን፤ ወድቀዋል ማለት ነው። ኮዱን የነካ ሰው የለም። ባሕር ዳር ሆነን የምንሠራው ድረ ገጽ የጎጃም ከተሞችን የምርት ዋጋ ያሳያል። አንድ ረጅም ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ የከተማ ስም፣ ምርት፣ ዋጋና «እይ» የሚል በተን አለ። ቴስቱ የቡሬን በርበሬ ፈልጎ በተኑን ይጫናል፣ ዋጋውን ያያል፣ በቃ። የዚያን ቀን ግን ከፍቶ ያመጣው የሞጣን ማር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። ገጹን ክሮም ላይ ክፈቱና ኤፍ12 ተጫኑ። «ኤለመንትስ» የሚለው ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤፍ ስትጫኑ መፈለጊያ ሣጥን ይወጣል። ቴስቱ ገጹ ላይ ያለን ነገር የሚያገኝበትን የኤክስፓዝ ወይም የሲኤስኤስ አድራሻችሁን እዚያ ለጥፉት። ስንት ቦታ እንዳገኘ ይነግራችኋል። ዜሮ ካለ አንድ በሽታ ነው፣ ሦስት ካለ ሌላ። አንድ ብቻ አግኝቶ እሱም የተሳሳተው ከሆነ ደግሞ የኔ በሽታ ይዟችኋል ማለት ነው።

ምልክት፦ ዓርብ አረንጓዴ የነበረው ሰኞ ቀይ፣ ኮዱ ግን ያው

ዝርዝራችን በፊደል ተራ ነው። መጀመሪያ መራዊ፣ ቀጥሎ ቡሬ ነበር። ቴስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። «ሁለተኛውን ረድፍ ክፈት» ብዬ ነበር። ቅዳሜ አንድ ሰው ሞጣን መዘገበ። ሞጣ ደግሞ በፊደል ተራ መራዊና ቡሬ መሃል ይገባል። አለቀ።

እናቴ ገበያ ስትልከኝ «ከመግቢያው አራተኛዋ ሴትዮ ጋ ቅቤ ግዛ» ብላኝ አታውቅም። ስሟን ነግራኝ ነው የምትልከኝ። ሴትዮዋ ጥላ ፍለጋ ወዲያ ማዶ ብትቀመጥም እየጠየቅኩ አገኛታለሁ። ቴስቱንም እንደዚያው ላኩት። ረድፎቹን በሙሉ ይያዝ፣ «ቡሬ» የሚል ያለበትን ይለይ፣ ከዚያ በዚያ ረድፍ ውስጥ ያለውን በተን ይፈልግ። ከዚህ የሚሻለው ዴቨሎፐሩ ለእያንዳንዱ ረድፍ የማይለወጥ መለያ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ብዙ ቦታ «ዳታ-ቴስትአይዲ» የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ፕሌይራይት የሚባለው የቴስት መሣሪያም ሌላ ካላላችሁት የሚፈልገው እሱን ነው። ዴቨሎፐሩ እምቢ ካለ ቡና ጋብዙት።

የግድ በቁጥር መሄድ ካለባችሁ አቆጣጠሩን ልብ በሉ። ኤክስፓዝና የሲኤስኤሱ «ኤንዝ-ቻይልድ» ከ1 ይጀምራሉ። የፕሌይራይቱ «ኤንዝ»፣ ሳይፕረስ የሚባለው ሌላ የቴስት መሣሪያ «ኢኪው» እና የጃቫና የፓይተን ሊስቶች ከ0 ይጀምራሉ። «ኤንዝ-ቻይልድ» ደግሞ ወንድማማቾቹን፣ ማለትም በአንድ እናት ሥር ያሉትን ሁሉ ይቆጥራል። ከረድፎቹ በላይ ርዕስ ከተቀመጠ እሱም አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

ምልክት፦ የትኛውንም ረድፍ ብትጠይቁት የመጀመሪያውን በተን ይጫናል

ይሄኛው ሰው ያሳብዳል። አዲሷ ባልደረባችን ሴሌኒየም በሚባለው ሌላ የቴስት መሣሪያ ላይ ግማሽ ቀን ታግላለት ነበር።

«ኧረ ይሄ ነገር ከመራዊ በቀር አገር አያውቅም!» አለችኝ።

ረድፉን በትክክል አግኝታለች። ጽሑፉን ስታሳትመው «ቡሬ፣ በርበሬ» ይላል። ከዚያ ረድፍ ውስጥ በተኑን ፈልግ ስትለው ግን የመራዊን በቆሎ ይከፍታል።

«እስቲ ኤክስፓዙን አሳዪኝ።»

በሁለት ስላሽ ነው የሚጀምረው፣ // ብሎ። ችግሩ እዚያ ጋ ነው። ሁለት ስላሽ ማለት «ከገጹ ሥር ጀምረህ ፈልግ» ማለት ነው። ከረድፉ ላይ ሆናችሁ ብትጠሩትም ረድፉን ከቁም ነገር አይጥፈውም። ከላይ ይጀምርና መጀመሪያ ያገኘውን ያመጣል። መፍትሄው አንዲት ነጥብ ናት። .// ብላችሁ ስትጽፉ «ካለሁበት ጀምረህ» ማለት ይሆናል። ነጥቧን ጨመረች፣ ቡሬ ተከፈተ። ግማሽ ቀን ለአንዲት ነጥብ! ፕሌይራይት ላይ ይህ አይገጥማችሁም፣ ነጥቧን ራሱ ይጨምርላችኋል። ስለዚህ ከፕሌይራይት ወደ ሴሌኒየም የሚሻገር ሰው ነው ይበልጥ የሚወድቅበት።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ኤልአይ (li) የዝርዝር አንድ ረድፍ ነው፤ //ኤልአይ[1] ብሎ መጻፍ «የገጹን የመጀመሪያ ኤልአይ» አይሰጥም። የየዝርዝሩን የመጀመሪያ ሰብስቦ ይሰጣል። ገጹ ላይ ሦስት ዝርዝር ካለ ሦስት ታገኛላችሁ። አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ ቅንፍ ይግባበት፦ (//ኤልአይ)[1]።

ምልክት፦ ስሙ በዓይናችን ይታያል፣ ቴስቱ ግን «የለም» ይላል

ይህ የኛው የፊደል ጣጣ ነው። የፈረንጅ መመሪያ ውስጥ ስለማይገኝ ረጋ ብለን እንየው።

ቴስቱ «ፍኖተ ሰላም»ን ፈልግ ተብሏል። ገጹ ላይ ፍኖተ ሰላም አለ። አንድ ሰዓት አፍጥጬበታለሁ። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ቃላት ፊደሎች አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ ቁጥራቸው፣ ኮምፒውተር ለየፊደሉ ወደሚይዘው ቁጥር (በሄክሳዴሲማል)፣ ለውጬ አሳተምኳቸው። አንዱ ጋ 1230፣ ሌላው ጋ 1220። ዳታውን ያስገባው ሰው «ሠላም» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፎታል። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ስናነብም ዓይናችን ያልፈዋል። ለኮምፒውተር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ሀ»ም 1200፣ 1210 እና 1280 ላይ በሦስት መልክ ተቀምጧል። «ጸ» 1338፣ «ፀ» 1340። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን፣ አንድ ፊደል በተለያየ መንገድ ሲጻፍ ወደ አንድ የሚያመጣው፣ ያስተካክለው ይሆናል ብላችሁ አትድከሙ። የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ አይነካቸውም።

አሁን የጎጃምን ከተሞች አስቡ። ባሕር ዳርና ባህር ዳር። ደብረ ማርቆስና ደብረማርቆስ። እንጅባራና እንጂባራ። ቢቸናና ብቸና። ሁሉንም የሚጽፍ ሰው አለ፣ ሁሉም ትክክል ነኝ ባይ ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው ሁለቱንም ወገን ከማወዳደራችሁ በፊት ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም እንዳትረሱ። «እንጅባራ»ን እና «እንጂባራ»ን ግን ይቺ ፈንክሽን አታስታርቃቸውም። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ በሚታየው ስም ሳይሆን በከተማው መለያ መፈለግ ነው።

ግን አንድ ነገር ልበል። ገጹ ላይ ስሙ በሁለት ዓይነት ከተጻፈ ተጠቃሚውም ሲፈልግ አያገኘውም። ያ ቴስት መውደቁ ልክ ነበር። ፊደሉን በቴስቱ ውስጥ አለስልሼ ችግሩን ከመሸፋፈን ዳታው እንዲስተካከል አደረግኩ።

ፊደሉ አንድ ሆኖም ካልተገኘ ክፍተቱን ጠርጥሩ። ከወርድ ተገልብጦ የመጣ ጽሑፍ በተራው ክፍተት ፈንታ የማይሰበረውን ክፍተት (መስመር እንዲቆረጥበት የማይፈቅደውን) ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ለዓይን አይለይም። ትርፍ ክፍተት የሚያጸዳው የኤክስፓዙ «ኖርማላይዝ-ስፔስ»ም ይህንን አያጸዳውም።

ምልክት፦ «ከአንድ በላይ አግኝቻለሁ» ብሎ ይቆማል

ፕሌይራይት ላይ ነው የምታዩት። እኔ እወድለታለሁ፣ ገምቶ ከሚጫን ቢጮህ ይሻላል። «ቡሬ» ስትሉ «ቡሬ ዙሪያ»ንም ይይዛል። «ደብረ» ብላችሁማ ደብረ ማርቆስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ደብረ ኤልያስን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። የሻጭ ስም ላይም ያው ነው፣ «አበበ» የተባለ ፍለጋ «አበበች»ን ያስከትላል። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ እንዲገጥም የሚያደርገውን «ኤግዛክት» አብሩት። «ፈርስት»፣ የመጀመሪያውን ውሰድ፣ ብሎ ማለፍ ግን ወደ ቁጥሩ መመለስ ነው።

ምልክት፦ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል

ኔትወርኩ ሲያዘግም ይብሳል። ዝርዝሩ ከሰርቨር ሳይመጣ ነው የምትፈልጉት። ሴሌኒየም ካላዘዛችሁት አይጠብቅም። ብዙ ኤለመንት (የገጹን ክፍሎች፣ እንደ ረድፍና በተን ያሉትን) የሚፈልገው ትዕዛዝ ምንም ካላገኘ ስህተት እንኳ ሳያሳይ ባዶ ሊስት ይሰጣችኋል። ፕሌይራይትም ሌላ ቦታ ቢጠብቅም በሚቆጥረው «ካውንት» እና ሁሉንም በሚሰበስበው «ኦል» ላይ አይጠብቅም። «አምስት ሰከንድ ተኛ» አትበሉት። ረድፉ እስኪታይ ጠብቅ በሉት።

«ስቴል ኤለመንት» የሚል ስህተት ከመጣ ደግሞ ረድፉን ይዛችሁ እያለ ገጹ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ሠርቶታል ማለት ነው። የያዛችሁትን ጣሉና እንደገና ፈልጉ።

ምልክት፦ የላይኞቹን ያገኛል፣ የታችኞቹን አያውቃቸውም

ረጅም ዝርዝር ላይ አንዳንድ ገጾች ለዓይን የሚታየውን ያህል ረድፍ ብቻ ነው የሚሠሩት። ስትወርዱ አዲሱ ይሠራል፣ የላዩ ይጠፋል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ታች ከሆነ ገና አልተፈጠረም። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አውርዱት፣ በየደረጃው ፈልጉ። ማቆሚያም አብጁለት፤ ወርዳችሁ የመጨረሻው ረድፍ ካልተለወጠ ታች ደርሳችኋል። ያለዚያ ቴስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያድራል። ገጹ የራሱ መፈለጊያ ሣጥን ካለው ግን ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? ስሙን እዚያ ጻፉና አንዱን ረድፍ ጠብቁ።