የዓይን ነርቭ ሕመምን ከሞራ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በመንዝም ሆነ በአንኮበር ደጋ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት «ሞራ ጋርዶኝ ነው» ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። ከሁሉም የከፋው ስህተት መርማሪው ይህንኑ ስም ተቀብሎ፣ ብሌናቸውን ሳያይ፣ የቀዶ ሕክምና ተራ እንዲጠብቁ ማድረጉ ነው። ሞራ ምንም ያህል ቢጠና ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ አያጠፋም። ስለዚህ ክፍሉን አጨልሞ፣ ታካሚው ራቅ ያለ ነገር እንዲመለከቱ አድርጎ፣ የእጅ ባትሪን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በየሦስት ሰከንዱ ማዛወር ይገባል፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት በመጥበብ ፈንታ የሚሰፋ ብሌን የዓይን ነርቭ፣ አልፎ አልፎም ሰፊ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ጉዳት ምልክት ነው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅን ምርመራ በወረፋ ብዛት ማመካኘት አያስኬድም። ይሁንና ምርመራው ሁለቱን ዓይኖች የሚያነጻጽር በመሆኑ፣ ሁለቱም እኩል ከተጎዱ ልዩነት አያሳይምና በዚህ ብቻ «ነርቩ ደህና ነው» ማለት ሌላ ስህተት ይሆናል።

ሁለቱን ዓይኖች አንድ ላይ መፈተንም የታመመውን ይደብቃል። ነርቩ ሲጎዳ ከፊደል ይልቅ ቀለም ቀድሞ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ ቀይ ቆርኪ ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ አሳይቶ በየትኛው እንደፈዘዘ መጠየቅ ይጠቅማል።

ዓይኑ ስላልቀላ ሕመም የለም ብሎ ማሰብ ብዙዎችን ያሳስታል። የነርቭ ብግነት በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ ዓይን ነጭ እንደሆነ ሲያንቀሳቅሱት ያማል፣ እይታም በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ከሳምንታት በኋላ በራሱ መሻል ስለሚጀምር ምስጋናውን የታዘዘው የዓይን ጠብታ ይወስደዋል! ብግነት የሚቀንሰውን የፕሬድኒሶሎን ክኒን ብቻውን ማዘዝም ተገቢ አይደለም፤ በፈረንጆች 1992 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ በዚህ አሰጣጥ እንደሚጨምር አሳይቷል። በአንጻሩ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲነጋ የአንድ ዓይኑ የታችኛው ግማሽ እይታ ያለ ሕመም ቢጨልምበት ወደ ነርቩ የሚሄደው የደም ዝውውር መቋረጥ ይጠረጠራል። በዚህ ላይ ራሱን ሲዳብስ የሚያመው፣ ቆሎ ሲያኝክም መንጋጋው የሚዝል ከሆነ፣ ብርቅ ቢሆንም የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሌላኛው ዓይን ሳይጠፋ በዚያው ዕለት መታከም አለበት።

ያበጠ የነርቭ ጫፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ራስ ምታት ኖሮ፣ ሲያጎነብሱ እይታ ለሰከንዶች እየጨለመ ከተመለሰ፣ ፊደል በደንብ ቢነበብም የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይታሰባል፤ የጀርባ ፈሳሽ ከመቀዳቱ በፊትም የራስ ቅል ምስል መነሣት ይቀድማል።

በመጨረሻም የተጠጣውንና የተዋጠውን አለመጠየቅ አለ። ሜታኖል የገባበት አረቄ ሁለቱንም ዓይኖች በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ያደበዝዛል፤ ታካሚው ስለሚያፍር ጥያቄው ከቤተሰብ ፊት ባይሆን ይመረጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ኢታምቡቶል ደግሞ በወራት ውስጥ፣ ያለ ሕመም፣ ቀይና አረንጓዴን ያደባልቃል፤ ታካሚው በራሱ ሳያቋርጥ በዚያው ቀን ለሕክምና ክትትሉ ባለሙያ መንገር ይኖርበታል፣ ኩላሊቱ የደከመ ከሆነም መጠኑ ከመጀመሪያው ሊስተካከል ይገባል።