የጎታን መሳፍንት ታሪክ ሳይምታታባችሁ እንድታነቡ

ጎታ ጀርመን ውስጥ ያለች ከተማ፣ ድሮም የትንሽ ግዛት መቀመጫ ናት። የጀርመን ትንንሽ መሳፍንት ታሪክ የሚያደክመው ስማቸው ስለሚደጋገም ነው። ስለዚህ ስሙን ተዉትና መሬቱን ተከተሉ። መስፍኑ ሲሞት ስንት ወንድ ልጅ ተወ? መሬቱስ ለማን ደረሰ? እየጠየቃችሁ ሂዱ።

ከአባ ጎርጎርዮስ ጀምሩ። የኛው አገር ሊቅ ነው፣ ከሮም ተጠርቶ በ1652 ጎታ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፤ ወደኛ ስትመልሱ 7 ወይም 8 ቀንሱ)። የጋበዘው መስፍን ኤርንስት «የሠላሳ ዓመት ጦርነት» በሚባለው ጦርነት በተጎዳ አገር ላይ በ1640 ግዛቱን የመሠረተ፣ በ1642 ደግሞ የልጆችን ትምህርት በሕግ ያስያዘ ሰው ነው። እዚያው የሚያገለግለው ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ እግር ሥር ተቀምጦ ቋንቋችንን ጠየቀ፣ ጻፈ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ጀጎል ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስነግር ዋልኩ።

አሁን ወረቀት አምጡ፣ ለሁለት አስምሩ፣ በአንዱ ጎታን በሌላው ሐረርን ጻፉ። ኤርንስት በ1640፣ አሚር አሊ ኢብን ዳውድ በ1647 ነው የጀመሩት፤ ሁለቱም የትንሽ አገር ገዢዎች። ዘመኑ ቶሎ ልብ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው።

ኤርንስት በ1675 ሞተ። በ1680 ሰባት ልጆቹ ተካፈሉት፦ ጎታ፣ ኮቡርግ፣ ማይኒንገን፣ ሮምሂልድ፣ አይዘንበርግ፣ ሂልድቡርግሃውዘን፣ ዛልፌልድ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። የኮቡርጉ በ1699፣ የአይዘንበርጉ በ1707፣ የሮምሂልዱ በ1710 ወንድ ልጅ ሳይተኩ አለፉ። ሦስቱን ሰርዙ፤ የኮቡርግ መሬት ግን በኋላ ለዛልፌልዱ ዘር ደርሷል። የጎታው ዘር በ1825 ሲያልቅ፣ በ1826 ኮቡርግና ጎታ በአንድ መስፍን ሥር ሆኑ።

ያም መስፍን ኤርንስት ቀዳማዊ ነው የሚባለው! ግዛቱ አዲስ ስለሆነ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ተነሳ። ስለዚህ ከስሙ አጠገብ ሁሌም የግዛቱን ስም ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ ጋብቻና ዙፋን ነው። የዚህ ኤርንስት ወንድም ሊዮፖልድ በ1831 የቤልጂግ ንጉሥ ሆነ፣ የኤርንስት ልጅ አልበርት ደግሞ በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ። በ1887 የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ሲሸነፉ፣ በዚያው ዓመት የኮቡርግ ቤተሰቡ ፈርዲናንድ የቡልጋሪያ መስፍን ሆኖ ተመረጠ። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው።

የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ በ1918 ከሥልጣን ወረደ። ካርታ ስታወጡ ሁለቱን ከተሞች አንድ ቦታ አትፈልጉ፤ ጎታ ቱሪንገን ውስጥ ናት፣ ኮቡርግ ግን ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ በ1920 ወደ ባየርን ገብታለች።